የሰውአገኝ ሙሾ

ኢያቄም ሰይፈ ሥላሴን የላሊበላ ሰዎች «ለዜማ ተወልዶ ለካሴት የቀረ» ይሉታል። አባቱ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ በማሕሌት ሲቆሙ ድምፃቸው ከሌላው ተለይቶ የሚታወቅ፣ ብዙ ደብተራ ያወጡ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ጾመ ድጓ አስጀመሩት። ልጁ እኩሌታው ላይ ሲደርስ አቋረጠ። ጉሮሮ አላነሰውም፤ ያስቸገረው ጆሮው ነበር። ሌላ ሰው ሲያዜም ሲሰማ የራሱን ተራ ይረሳል፤ ተነሥቶ ዝም ብሎ ይቆማል።

ደርግ ወድቆ ወታደሩ ዕቃውን በየመንገዱ እየሸጠ ወደ አገሩ ሲመለስ ኢያቄም ከአንድ የጎጃም ወታደር ሁለት ካሴት ባንዴ የሚጎርስ ትልቅ ቴፕ በጫማና በስንቅ ለወጠ። ቴፑ ተበላሽቶ ነበር። ፈታው፣ ገጠመው፣ እንደገና ፈታው። ሲሠራለት የጎረቤት ሬዲዮ መጠገን ጀመረ፤ ቀስ በቀስ ስሙ «ሬዲዮ ሠሪው» ሆነ። መሪጌታም ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር ማዕድ እየቆረሱ ቃል ሳይለዋወጡ ብዙ ጊዜ አሳለፉ።

ሰውአገኝን ያመጣለት አንድ የተበላሸ ሬዲዮ ነው። ሰውአገኝ የገነተ ማርያም ገበሬ ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ጋቢው ሥር ማሲንቆ የሚደብቅ። የሚደብቀው ቤተሰቡ «አዝማሪ» መባሉን ስለማይወዱ ነው። ሬዲዮው እስኪጠገን ድረስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ማሲንቆውን ሲመታ ኢያቄም ብረት ማቅለጫውን አስቀምጦ ባዶ ካሴት አስገባ። ቀርጾ መልሶ አሰማው። ሰውአገኝ ግንባሩን ቋጥሮ እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ፣

«ሁለተኛው ስንኝ ላይ የማሲንቆው ጭራ ረግቧል። አጥፋውና እንደገና» አለው።

ባልንጀርነታቸው ከዚያ ጀመረ። በ1986 ዓ.ም. ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር የአንድ አሮጌ ክብ የድንጋይ ቤት ምድር ቤቱን ተከራዩና «ባልንጀሮች ሙዚቃ ቤት» ብለው ጻፉበት። ግድግዳውን ብርድ ልብስና አጎዛ አለበሱት፤ ድምፅ እንዳይመልስ። እንዲያም ሆኖ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲመታ ቀረጻ ይቆማል፤ አህያ ካናፋ ቀረጻ ይቆማል፤ መብራት ከጠፋማ ቀኑ ያበቃል። ካሴት የሚያባዙት አንድ በአንድ ነው። አንዱ ካሴት እስኪያልቅ ሌላው ይቀዳል፤ ስለዚህ ከጧት እስከ ማታ ያው ዘፈን። ጎረቤታቸው የነበረች ጠላ ሻጭ «እባካችሁ ሙሽራዋን አንድ ጊዜ እንኳ ከቤት አስወጧት!» ትላቸው ነበር፤ የመጀመሪያ ካሴታቸው የሰውአገኝ የሰርግ ዘፈን ነበርና።

ከዚያ በኋላ ከሰቆጣ በኩል የመጡ ሽማግሌዎችን በአገውኛ ቀረጹ። የላስታን ሴቶች የወፍጮ ዘፈን ቀረጹ፤ የመራችውም የሰውአገኝ ታላቅ እህት ስሜነሽ ነበረች። ለገና የሚመጣው ተሳላሚ ይገዛቸዋል፤ ቅዳሜ ገበያተኛው ይገዛቸዋል። ከአዲስ አበባ አንድ ሰው መጥቶ «ሰውአገኝን ስጡን፣ በትልቅ ስቱዲዮ እናሳትመዋለን» ሲላቸው ሰውአገኝ ራሱ ነው እምቢ ያለው።

«እኔን ከዚህ ቤት ካወጡኝ እዚያ የምዘፍነው የማንን ሰርግ ነው?» አለ።

ደህና ዓመትም ነበራቸው፤ የባሰም ነበራቸው። በባሰው ዓመት ሰውአገኝ ወደ እርሻው ይመለሳል፣ ኢያቄምም ወደ ሬዲዮው። ሰውአገኝ ሰብሌ የምትባል ልጅ አግብቶ ሴት ልጅ ወለደ። እንዲህ እንዲህ እያለ የኤርትራ ጦርነት መጣ።

በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀበሌው ወጣት ሲመዘግብ ሰውአገኝን «አንተ ማሲንቆህን ይዘህ ና፤ በኪነት ቡድን ሠራዊቱን ታነቃቃለህ» አሉት። አመነ። ደህናውን ማሲንቆ ይዞ፣ አሮጌውን እህቱ ቤት ሰቅሎ ሄደ። ኢያቄም መኪናው እስከሚነሣበት ድረስ ሸኘው። ሲሳሳቁ ነበር የተለያዩት፤ ሰውአገኝ «ስመለስ የወታደር ዘፈን እናወጣለን» ብሎት ነበር።

በዚያው ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ የጎረቤት መንደር ልጅ ከፋለ እግሩን ተመትቶ ተመለሰ። መጀመሪያ ለማንም አልተናገረም። በኋላ ሽማግሌዎች ሲጠይቁት፣ የኪነት ቡድን የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ሰውአገኝ እንደ ማንኛውም ሰው ጠመንጃ ይዞ ምሽግ ውስጥ እንደነበረ ነገራቸው።

«ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር። ከባድ መሣሪያ ምሽጉን አፈረሰው። አፈሩ ላዩ ላይ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

መርዶው ተነገረ። በገነተ ማርያም ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ተቀመጡ። ጋቢውንና አሮጌውን ማሲንቆ ይዘው ሜዳው ላይ ዞሩ። ስሜነሽ በአካባቢው ሙሾ በማውረድ የታወቀች ነበረች፤ የሰው ሁሉ ሞት እሷ አፍ ላይ ነበር የሚያልፈው። የዚያን ቀን የወንድሟን አወረደች።

ሰውአገኝ እያልኩ ስምህን ስጠራ፣
ሰው አጥቼ ቀረሁ ከሰሜን ተራራ።
ማሲንቆው ተሰቅሎ ጭራው ተበጠሰ፣
የሚቃኘው እጁ አፈሩን ለበሰ።

ኢያቄም ከወንዶቹ መካከል ተቀምጦ ሰማ። አለቀሰ፤ እያለቀሰም ጆሮው ግን አልተኛም። ይህን በኋላ ራሱ ተናግሮታል፦ «ያን ዕለት ሐዘኔ እውነት ነበር። ግን ድምፁ እንዳይጠፋ የሚያስብ ሌላ ሰው በውስጤ ተቀምጦ ነበር።»

ዐርባው ከወጣ በኋላ ወደ ገነተ ማርያም ሄደ። ስሜነሽና እናቷ እማማ አሰለች ቤት ውስጥ ነበሩ።

«እትዬ ስሜነሽ፣ ልለምንሽ ነው የመጣሁት» አላት። «በለቅሶው ያወረድሽውን ካሴት ላይ ልቅዳው።»

«ሙሾ በካሴት?» አለች። «ሰው ገዝቶ ሊጨፍርበት?»

«ለመጨፈር አይደለም። መቃብር የለውም። ስሙ የሚቀመጥበት ነገር ይኑረው ብዬ ነው።»

ስሜነሽ ወደ እናቷ ዞረች። እማማ አሰለች መደቡ ላይ እንደተጋደሙ፣

«ተዪው ይቅዳው» አሉ። «እኔ ጆሮዬ እየደከመ ነው። ስሙን ከፍ አድርጎ የሚጠራልኝ ነገር ይኑር።»

ስሜነሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቀረጸችው። አጎዛ በለበሰው ክፍል ውስጥ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንባ ሳታወጣ እስከ መጨረሻው አወረደችው። ኢያቄም መልሶ ሊያሰማት ሲል ተነሣች። «የለም» አለችው። «የአንድ ሰው መርዶ ሁለት ጊዜ አይነገርም።» ወጥታ ሄደች።

ካሴቱ «ሰውአገኝ» ተብሎ ወጣ። ኢያቄም ጥቂት ለዘመድ፣ ጥቂት ለገበያ ብሎ ነበር ያባዛው። ነገር ግን ያ ጊዜ ልጁ ከግንባር ያልተመለሰለት ቤት የበዛበት ጊዜ ነበር። ብዙው ቤት መርዶ እንኳ አልደረሰውም፤ ዝምታ ብቻ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ካሴቱ ለእነዚያ ቤቶች ደረሰ። በመቄትና በቡግና እናቶች ቴፑን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው፣ ስሜነሽ «ሰውአገኝ» ስትል እነሱ የራሳቸውን ልጅ ስም እየተኩ አለቀሱ። የወልድያ አውቶቡሶች ከፈቱት። ከዚያ ደሴ ተሰማ። የማያውቋቸው ሰዎች በራሳቸው ሽፋን እያባዙ ሸጡት።

ለባልንጀሮች ሙዚቃ ቤት ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ዘመን መጥቶለት አያውቅም። ቤቱ ሰፋ፤ ማባዣው ጨመረ፤ ደህና ማይክሮፎን ገባ፤ ከሩቅ አገር እንኳ ዘፋኝ «ቅረጸኝ» እያለ በእግሩ ይመጣ ጀመር። ኢያቄም ከሚያገኘው እየቆረሰ ለእማማ አሰለች ይወስዳል፤ ለሰብሌም ለልጅቱ ልብስ ይልካል። ከሱቁ ጀርባ ብቻውን ሲሆን ግን ያንን ካሴት አይከፍትም ነበር። ሻጭ ቀጥሮ እሱ ወደ ጥገናው ገባ።

እማማ አሰለች በ1993 ዓ.ም. ሞቱ። በመጨረሻቸው ሰሞን ቴፑን ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ሲያዳምጡ ይውሉ እንደነበር ስሜነሽ ትናገራለች። ሰብሌም ጥቁሯን አውልቃ ሙጃ በኩል ላለ ገበሬ ተዳረች፤ ልጅቱን ይዛ ሄደች። ማንም አልፈረደባትም። የባሏ ተዝካር በሥርዓቱ ወጥቷል፤ እሷም ገና ልጅ ነበረች።

ሰውአገኝ የተመለሰው በ1994 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ነው።

አፈሩ ሲወርድበት አልሞተም ነበር። ጠላት ነው ቆፍሮ ያወጣው። ግራ እጁን ቁራጭ ብረት መትቶት ሁለት ጣቱን አጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በምርኮ ነው ያሳለፈው፤ ቀይ መስቀል ምርኮኞቹን ሲያስመልስ ከመጨረሻዎቹ ጋር መጣ። የላከው መልእክት ካለም ገነተ ማርያም አልደረሰም።

ከወልድያ በተሳፈረበት አውቶቡስ ሹፌሩ ካሴት ከፈተ። ሰውአገኝ በመጀመሪያ ያወቀው የእህቱን ድምፅ ነው። ደስ አለው፤ «እትዬ ዘፋኝ ሆነች» ብሎ አሰበ። ቀጥሎ ስሙን ሰማ። ከዚያ ሁሉንም ሰማ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

«የማን ሙሾ ነው?» አላት።

«የማታውቀው ከየት መጥተህ ነው? የሰውአገኝ ነዋ። ሰሜን የቀረው።»

«ሰውአገኝ እኔ ነኝ» አላት።

ሴትዮዋ አየችው። የከሳ ፊቱን፣ የጎደለውን እጁን፣ ልኩ ያልሆነውን ልብስ አየች። «እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ» ብላ አማተበችና ወደ ኋላ ሄዳ ከሰው ጋር ተጠባብቃ ተቀመጠች። ሰውአገኝ ሹፌሩን «እባክህ ዝጋው» አለው። ሹፌሩ በመስተዋት አየውና «ሰው እያለቀሰ ምን ብዬ ነው የምዘጋው?» አለ። ካሴቱ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ሌላው ተገለበጠ። ጋሸና እስኪደርሱ እንዲህ ሆነ።

ላሊበላ እንደወረደ የሄደው ወደ ሱቁ ነው። ኢያቄም የተከፈተ ሬዲዮ ላይ አጎንብሶ ነበር። ሻጩ ደጃፍ ላይ ባለው ቴፕ ለገዢ ካሴት እያሰማ ነው፤ ያንኑ።

«ኢያቄም» አለ የገባው ሰው። «አጥፋው።»

ኢያቄም ቀና አለ። ድምፁን ወዲያው አወቀው፤ ፊቱን ግን አላወቀም። ለትንሽ ጊዜ ድምፁና ፊቱ አልገናኝ አሉት። ከዚያ ተነሥቶ ሲሄድ ሬዲዮው ከጠረጴዛው ወደቀ። ቴፑን ያጠፋው ገመዱን ነቅሎ ነው። ተቃቀፉ። ገዢው ሰውዬ ምን እንደሆነ ሳይገባው «ካሴቱን ታዲያ አትሰጡኝም?» እያለ ቆሞ ነበር።

ሰውአገኝ ገነተ ማርያም ሲደርስ ስሜነሽ ከቤቷ አልወጣችም። ሰው ሮጦ ነግሯት ነበር፤ እሷ ግን በሩን ከውስጥ ያዘች።

«ሰውአገኝ ከሆንክ አባታችን የሞተበትን ዓመት ንገረኝ» አለች ከውስጥ።

ነገራት።

«ያችን ቀይ ላም ማን ነው ገደል የከተታት?»

«እኔ ነኝ። ጅብ ነው ብለሽ ዋሸሽልኝ።»

በሩን ከፈተች። እልል የሚሉ ነበሩ፤ እሷ ግን አልቻለችም። መሬት ላይ ተቀምጣ እግሩን ይዛ «እኔ ነኝ የቀበርኩህ፣ እኔ ነኝ የቀበርኩህ» ስትል ሰውአገኝ «ተነሽ እንጂ እትዬ፣ ይኸው አለሁ» እያለ ያነሣታል። ቀጥሎ እናቱን ጠየቀ። የእማማ አሰለችን መቃብር አሳዩት።

ሙጃ የሄደው ብቻውን ነው። ሰብሌ ከደጅ ላይ ሆና አየችው። እርጉዝ ነበረች። ልጅቱ ከኋላዋ ቆማ እንደማንኛውም እንግዳ አየችው።

«ጥቁር ለብሼልሃለሁ» አለችው ሰብሌ። «እስኪያልቅ ለብሼልሃለሁ። አሁን ምን ልልበስልህ?»

ባልዬው ወጥቶ «ግባ፣ እህል ቅመስ» አለው፤ መልካም ሰው ነበር። ሰውአገኝ ውኃ ጠጥቶ ተመለሰ። እርሻውም ለሌላ ተሰጥቷል፤ ቀበሌው «ጉዳዩ ይታያል» አለው። ኢያቄም ከሱቁ ጀርባ አልጋ ዘረጋለት።

በዚያው ሳምንት ኢያቄም የቀሩትን ካሴቶች ሁሉ ግቢ ውስጥ ከምሮ አቃጠለ፤ ዋናውንም ጨምሮ። የፕላስቲኩ ጥቁር ጭስ ገበያው ድረስ ወረደ። ከዚያ ወልድያ ሄዶ ከሹፌሮችና ከሱቆች አንድ በአንድ ለመነ። «ሰውዬው በሕይወት አለ፤ ነውር ነው» ይላቸዋል። አንዳንዱ አዝኖ ይሰጠዋል። አንድ ሹፌር ግን እንዲህ አለው፦

«ወንድሜ፣ የእኔ ታናሽ ወንድም አልተመለሰም። ይሄ ለእናንተ ሰውአገኝ ይሆናል፤ ለእኔ የእሱ ነው። አልሰጥህም።»

ኢያቄም ከዚህ ሰው ጋር ምን ይከራከራል? ተመለሰ። ካሴቱም መጓዙን አላቆመም።

ሰውአገኝ መጀመሪያ ላይ ይስቅበት ነበር። «ሞቴ ከእኔ ቀድሞ አገር አየ» ይላል። በጎደለው እጁ ማሲንቆ መምታት እንደ አዲስ ተማረ፤ በቀሩት ጣቶቹ ጭራውን የሚይዝበት ዘዴ ፈለገ። የድሮውን ያህል ባይሆንም የሚሰማ ነገር ወጣው። ድምፁም ተለውጧል፤ በምርኮ ሳለ የያዘው ሳል ሸካራ አድርጎታል። «እንቅረጽ» አለ። ቀረጹ። ካሴቱን «አለሁ» አሉት። ኢያቄም «እስከ ዛሬ ከሠራነው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው» ይላል፤ ያልተቸኮለ፣ የደረቀ፣ እውነተኛ።

ማንም አልገዛውም። የሚያውቁት ጥቂቶች ገዙት። የቀረው ሰው ሽፋኑን አይቶ ይመልሰዋል። አንድ ቅዳሜ ሰውአገኝ ራሱ ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ሳለ አንድ ሽማግሌ ካሴቱን አገላበጡና፣

«እናንተ ልጆች፣ የሞተን ሰው ስም ይዞ መነገድ ደግ አይደለም» አሉ።

«አባቴ፣ እኔ ነኝ ሰውአገኝ» አላቸው።

«ድምፁን እኛ እናውቀዋለን» አሉት። ወርውረውለት ሄዱ።

የባሰው ሰርጉ ነበር። አዝማሪ የሚበላው በሰርግ ነው። ሰውአገኝን የሚጠራ ጠፋ። የአሸተን ማርያም መንገድ ላይ ያለ አንድ ዘመዱ ልጁን ሲድር ሳይጠሩት ሄደ። አባትየው ደጅ ላይ ያዙትና ወደ ጎን ወሰዱት።

«አትቀየመኝ» አሉት። «ይጠላኛል አትበል። ግን ሙሾ የወረደለት ሰው ሙሽራ ፊት አይቆምም። ሴቶቹ ፈርተዋል።» ጠላና እንጀራ አስይዘው ከአጥር ውጭ አስቀመጡት። በልቶ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ሳቁ ቀነሰ። ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳይናገር ይቀመጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኢያቄም ካሴት እያጸዳ ሳለ ጠየቀው።

«ስታወጣው ምን ብለህ ነው?»

ኢያቄም ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር። «ወድጄህ ነው» አለው። «ሌላ ምን አደርግልሃለሁ? ያለኝ እሱ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ሰውአገኝ። «ለብር ብለህ ቢሆን ኖሮ ደብድቤህ እገላገል ነበር።»

ኢያቄም «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ሲለው ሰውአገኝ ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ደጅ ወጣ።

በ1997 ዓ.ም. መከር ሲደርስ ወደ መተማ እወርዳለሁ አለ። የሰሊጥ ሥራ። ከላስታ ወደዚያ የሚወርድ ወጣት ብዙ ነው፤ ወባውም የታወቀ ነው። ኢያቄም ተቃወመ፣ ስሜነሽም ለመነችው።

«እዚያ ማንም አያውቀኝም» አለ። «ስሜን ስናገር የሚያለቅስ ሰው የሌለበት ቦታ ልሂድ።»

ማሲንቆውን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛው ተጋመሰ። ታፈረ የሚባል የገነተ ማርያም ልጅ ከሰሊጡ ሲመለስ ወደ ስሜነሽ ቤት መጣ። ለመናገር አፈረ፤ ከዚህ በፊት እዚህ ቤት ሐሰት ሆኖ የቀረ መርዶ መነገሩን ያውቃል።

«እኔ በዓይኔ አላየሁም» ብሎ ጀመረ። «ከእኛ ማዶ ባለው እርሻ ማሲንቆ የሚመታ አንድ ሰው ነበር። በስሙ አይጠሩትም፤ 'ላሊበላ' ነው የሚሉት። በወባ ሞተ ሲሉ ሰማሁ።»

«እጁስ?» አለች ስሜነሽ። «ጣቱ የጎደለ ነው?»

«ጠይቄ ነበር። አንዱ አዎ አለኝ፣ አንዱ አላስተዋልኩም አለኝ። እትዬ፣ እዚያ አገር ጣት የጎደለው ብዙ ነው። ማጭድ ነው።»

ስሜነሽ አላለቀሰችም። ተነሥታ ላሊበላ ወርዳ ለኢያቄም ነገረችው። ኢያቄም ሱቁን ዘግቶ መተማ ወረደ። ሙቀት በማያውቀው ሰውነቱ ከእርሻ እርሻ እየሄደ ጠየቀ። 'ላሊበላ' የተባለውን የሚያስታውሱ አገኘ፤ ዝምተኛ ነበር ያሉት አሉ፣ ቀልደኛ ነበር ያሉትም አሉ። ማሲንቆውን ማን እንደወሰደው አልታወቀም። መጨረሻ ላይ አንድ ዲያቆን ሠራተኞች የሚቀበሩበትን ቦታ አሳየው። ስም የለበትም። በዚያ ክረምት የሞቱት ባንድ ላይ ነው የተቀበሩት፤ አፈሩም በሣር ተሸፍኗል።

«የትኛው ነው?» አለ ኢያቄም።

«ከእነዚህ አንዱ ይሆናል» አለ ዲያቆኑ። «ወይም ከዚህ አልፎ ሱዳን ገብቶ ይሆናል። የሚሻገርም አለ።»

ኢያቄም ራሱም ወባ ይዞት ተመለሰ። ሲሻለው ከስሜነሽ ጋር ወደ አባቱ ሄዱ። መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ፈዝዟል። ሁለቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሯቸው።

«አባቴ፣ ምን ይላሉ?» አለ ኢያቄም። «ፍትሐት ይደረግለት? ለቅሶ ይቀመጡ?»

«ተዝካሩ ወጥቷል» አሉ መሪጌታ። «ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይወጣም።»

«የፊተኛው ለማን ወጣ ታዲያ፣ የኔታ?» አለች ስሜነሽ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አሻሹ። «ልጄ፣ እኔ ያነበብኩት ነገር ለዚህ አይበቃም» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ግን አድርጊ። ድሆችን አብዪ። በሕይወት ካለ ምጽዋት አይጎዳውም፤ ሞቶም ከሆነ አይቀርበትም። ስም ግን አትጥሪ።»

እንደዚያ አደረገች። በገነተ ማርያም ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን ዳቦና ጠላ አቀረበች። በልተው ሲጨርሱ አንዲት አሮጊት እንደ ልማዱ «የማን ነው ልጄ? ማንን ብለን እንጸልይ?» አሏት።

«ዝም ብላችሁ ጸልዩ» አለች።

ኢያቄም ሳህኑን እየሰበሰበ ነበር። ሁለቱም ዕቃውን ተሸክመው ወደ ቤት ወረዱ። ስሜነሽ ከዚያ ወዲህ በማንም ለቅሶ ሙሾ አላወረደችም። ሰው ሲሞት ይጠሯት ነበር፤ ትሄዳለች፣ ከሴቶቹ መካከል ትቀመጣለች፣ አፏን አትከፍትም። ኋላም መጥራቱን ተዉት፤ ከማዶ መንደር ሌላ ሴት ያመጣሉ።

ባልንጀሮች ሙዚቃ ቤትም ከ«አለሁ» በኋላ ሌላ ካሴት አላወጣም። ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ ሞባይል። አጎዛው ከግድግዳው ወረደ፤ ብል በልቶት ነበር። ኢያቄም ዛሬ በዚያው ክፍል ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል፤ ለሚፈልግም ዘፈን በሜሞሪ ይጭናል። ያላገባው ለምን እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው ካለ ይስቃል።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ስልክ ይዛ መጣች። እናቷ ታማለች፤ እናትየዋ ካልሰማሁት ብላ የጠየቀችው አንድ አሮጌ ሙሾ እንዳለ ነገረችው። ስሙን ስትጠራ ኢያቄም አንገቱን ደፋ።

«የለኝም» አላት። «አቃጥዬዋለሁ።»

«ግድ የለም» አለች ሴትዮዋ። «ከጎረቤት በብሉቱዝ እወስዳለሁ። ሁሉም ጋ አለ።» የስልኳን መስተዋት ብቻ አስቀይራ ሄደች።